የሻርሎይሱን ኩሽና ወረቀት ያለበስኩ ጊዜ

ሆላንድ ውስጥ የኪራይ ቤት የሚሰጠው ባዶውን ነው። ባዶ ስል አልጋና ወንበር የለውም ማለቴ አይደለም፤ ያማ የሚጠበቅ ነው። የሚለቀው ሰው የወለሉን ምንጣፍ ልጦ፣ የግድግዳውን ወረቀት ፍቆ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ነቅሎ፣ አምፖሉን ሳይቀር ፈትቶ ይሄዳል። ደንቡ እንዲያ ነው። ለእኛ ግን ይህን የነገረን አልነበረም። ጓደኛዬና ባሏ ሮተርዳም ደቡብ፣ ሻርሎይስ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሷቸው ሦስታችን ልናየው ስንገባ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሌባ ቀድሞን ገብቷል እንዴ?» አለች። ባሏ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያሰብኩት እንደዚያው ነበርና።

ስም አልጠራም። የሚያውቁን ያውቁናል። ስለዚያ ቤት ብዙ ሰው ብዙ አውርቷል፤ ካወሩት ውስጥ ግን ግድግዳውን በእጁ የነካ አንድም አልነበረም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እኔና ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በተለያየ መንገድ ወጥተን ሆላንድ የገባነው በአንድ ክረምት ነበር። እሷ አገባች፤ እኔ አላገባሁም። እሷ ሮተርዳም ቀረች፤ እኔ ዴንሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል ገበያው አጠገብ አንድ ክፍልና ኩሽና አገኘሁ። ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት ቋንቋ እማራለሁ። ከሦስታችን ሆላንድኛውን ቶሎ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ዘንድም፣ ማዘጋጃ ቤትም የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ።

ባሏ አገር ቤት ሳለ የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። እጁ ያውቃል፤ ማወቁን ግን ሰው እንዲያይለት ይወዳል። ከእሱ ጋር የተቀያየምንበትን ነገር ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ትንሽ ነው። ያኔ ግን ትንሽ አልነበረም።

የትራንስቫሉን ቤቴን ወረቀት የለጠፍኩት ብቻዬን ነው። መለጠፍ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እኛ ሰፈር በዓል ሲደርስ የጭቃውን ግድግዳ ጋዜጣ እናለብሰው ነበር፤ ሙጫው በፈላ ውሃ የተመታ የፉርኖ ዱቄት፣ መለጠፊያው መዳፍ ነው። ከገበያው ባለመስመር ወረቀት ገዛሁ፤ ነጭና ሰማያዊ ቀጥ ያለ መስመር። ከበሩ ማዕዘን ጀመርኩ። ማዕዘኑ ራሱ የተጣመመ መሆኑን ማን ነገረኝ? እያንዳንዱ ቁራጭ ካለፈው ትንሽ እየዘመመ ሄዶ መስኮቱ ጋ ስደርስ መስመሮቹ ነፋስ የመታው ሸንበቆ መስለዋል። ቢሆንም የእኔ ነበር፤ ሰው ጠራሁ።

እሱም ከሚስቱ ጋር መጣ። እንግዳው ሁሉ ቁጭ ባለበት ከኪሱ ክር አወጣ፣ ጫፉ ላይ የቤቱን ቁልፍ አሰረና ከኮርኒሱ ሥር ግድግዳዬ ላይ ቱምቢ ጣለ። ቁልፉ እስኪረጋ ሁሉም ጠበቀ።

«እቴ፣ ግድግዳሽ ጠጅ ቀምሷል» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጓደኛዬም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ «የት ነው የምንገናኘው?» ሲባል፣ «ጠጅ የቀመሰው ቤት» ይባል ነበር። ፈገግ ብዬ አሳለፍኩት። እኔ ፈገግ ብዬ ያሳለፍኩትን ነገር አልረሳም።

ትክክለኛውን ያስተማረችኝ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሆላንዳዊት ናት። ሳትስቅ አስተማረችኝ። ከብርሃኑ ጀምሪ አለችኝ፤ ከመስኮቱ። መጀመሪያ ቱምቢ ጣይና በእርሳስ አንድ መስመር አስምሪ፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ማዕዘኑን ሳይሆን መስመሩን ይከተል። ከቁመቱ አንድ መዳፍ አስተርፈሽ ቁረጪ። ሙጫውን ከመሃል ወደ ዳር ቀቢ፣ ወረቀቱን በራሱ ላይ እጠፊና እስኪጠጣ ጠብቂ። እሷ የምትጠብቀው አንድ ሲጋራ አጭሳ እስክትጨርስ ነበር። ከዚያ ስቀይና በደረቅ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን አስወጪ። ማሞቂያውን አጥፊ፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ። የቀድሞውን ልጬ እንደገና ለጠፍኩ። በሁለተኛው ጊዜ ቱምቢ ቢጣል የሚያፍረው ቱምቢው ነበር። እሱ ግን ያንን ሊያይ አልመጣም።

ጓደኛዬ ሴት ልጅ የወለደችው በኅዳር ነው። እዚያ አገር ሴት ዛሬ ወልዳ ነገ ቤቷ ትገባለች፤ ከዚያ ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ለጥቂት ቀናት ታርሳታለች። ነርሷ ደግ ነበረች፤ ግን ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ መስኮት መክፈት ነው። «ንጹህ አየር» ትላለች። ወጥታ የታችኛው በር ሲዘጋ እኛ ተሯሩጠን እንዘጋለን። አራስ ነፋስ ከመታት ዕድሜ ልኳን ወገቧን ይዛ እንደምትኖር ለዚያች ሴት በየትኛው ቋንቋ ይነገራል?

የመስኮቶቹን ዳር በስፖንጅ ደፈንን። የበሩን ሥር በጨርቅ። የቀረው ኩሽናው ነው። ኩሽናው ውስጥ ከእቃ ማጠቢያው በላይ ጋይዘር ተሰቅሏል፤ ውሃ የሚያሞቅ፣ በጋዝ የሚነድ ነጭ የብረት ሣጥን። የሻወሩም ሙቅ ውሃ ከእሱ ነው የሚመጣው፤ የሻወሩ ክፍልም በሩ ወደ ኩሽናው ነው። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ፣ ወደ ውጭ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ስንዝር ከስንዝር የሚሆን ወንፊት የመሰለ ብረት ነበር። ከባሕሩ ሲነፍስ በዚያ የሚገባው ብርድ የልጅቷን ልብስ ገመድ ላይ ያወዛውዘዋል።

«አንቺዬ፣ በዚያ በኩል የሚገባው ወገቤን ቆረጠኝ» አለችኝ። «አንድ ነገር አድርጊልኝ።»

አድርጊልኝ ያለችኝ እሷ ናት። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ባሏ ወደብ ላይ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ በማለዳ ወጥቶ ከሰዓት ነው የሚመለሰው። አሮጌ የሱፍ ሹራብ ቆርጬ ወንፊቱ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። በላዩ ካርቶን ልክ አድርጌ ገጠምኩ። ዳር ዳሩን ስቱኮ ሞላሁ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ከዚያ የኩሽናውን ግድግዳ ከዞኮሎው እስከ ኮርኒሱ ውሃ የሚችል ቢጫ ወረቀት አለበስኩት። በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር እኔም ጠፋኝ። ከዚያ የበለጠ ያማረ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም።

አራስ ሊጠይቁ ገንፎ ይዘው የመጡት ሴቶች ግድግዳውን እያዩ ቆዩ። እሱም ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኩሽናው መሃል ቆመ። እጁን ግድግዳው ላይ አሳለፈ።

«ይሄ ቱምቢ አያስፈልገውም» አለኝ።

ከእሱ አፍ ምስጋና እንዴት እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከሳምንት በኋላ የጋይዘሩ ነበልባል ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ጥላሸትም ያዘ። ጓደኛዬ በስልክ ነገረችኝ። ባሏ በካቻቢቴ ፈትቶ፣ በብሩሽ ጠርጎ፣ መልሶ ገጠመው። ሁለት ቀን ደህና ሆኖ እንደገና ቢጫ ሆነ። ለአከራዩ ድርጅት ደውሉ ብላቸው ኖሮ ባለሙያ ይመጣ ነበር። እኔ ግን፣ «እሱ ያውቅበት የለ» አልኳት። እያሾፍኩ ነበር።

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሠፈራችን ውስጥ አፍኖት በጠዋት ሞቶ የተገኘ ሰው አልቅሼ ቀብሬአለሁ። ያ ነጭ ሣጥን ግን ከሰል አይመስልም ነበር። እሳት መሆኑን አላሰብኩትም። ይህን ሰበብ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ሰበብ ቢሆንም አይበቃም።

ልጅቷ የአንድ ወር ልጅ ሳለች፣ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ጓደኛዬ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ልጅቷ በፊት ለፊቱ ክፍል፣ በር ተዘግቶላት ተኝታለች። ባልየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ የልጅ ለቅሶና የሚፈስ ውሃ ሰማ። ሚስቱን ሻወሩ ወለል ላይ ወድቃ አገኛት። ደረጃው ድረስ ተሸክሟት ወጣ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፣ የታችኛዋን ጎረቤት ጠራ። ተረፈች። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ልጅቷን ምንም አልነካትም።

ጎረቤቷ ስትደውልልኝ በባቡር መጣሁ። ስደርስ የጋዙ ሠራተኛ ኩሽናው ውስጥ ነበር፤ ትልቅ ሰው፣ ጫማው የረጠበ፣ የሆላንድ ሰው ለእኛ ሲናገር እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ የሚናገር። ባልየው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጫማ የለውም፤ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነው። እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሠራተኛው ጋይዘሩን ከፍቶ አየና፣ «ማን ነው የነካው?» አለኝ።

«ባሏ።»

«መንካት አልነበረበትም። ግን ከእሱ አይደለም። ቢጫ የሆነው አየር ስላጣ ነው። እዚህ የአየር ማስገቢያ መኖር አለበት፤ ታችኛው ቤት አለ፣ ላይኛውም አለ። እዚህ የታለ?»

ባልየው ወደ እኔ ዞረ። «ምን ይላል?»

«መንካት አልነበረብህም ይላል» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሠራተኛው ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ወደ መስኮቱ ሥር ሄደ። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ዞሮ አየኝ።

«ይኸው። እዚህ ነው። ማን ነው የሸፈነው?» አለኝ። ዓይኔን ወደ ወለሉ ስመልስ እንደገና፣ «እመቤት፣ አደጋውን ያመጣው ይሄ ነው። የሰውየው ነገር አይደለም። ንገሪው» አለኝ።

«አሁንስ? ብዙ ተናገረ እኮ» አለ ባልየው።

«ያንኑ ነው የሚደጋግመው።»

እንዲህ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ ለሠራተኛው በሆላንድኛ፣ «እሺ፣ ገብቶታል፣ ዛሬውኑ እንከፍተዋለን» አልኩት። ሰውየው ጋዙን ዘጋ፣ ወረቀት ጻፈ፣ ሲወጣ የባልየውን ትከሻ መታ መታ አደረገው። አይዞህ ማለቱ ነበር። ባልየው ግን የተረጎመው እኔ በነገርኩት ነው፤ አንገቱን ደፋ።

እሱ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እኔ ቤቱን ላጽዳ ብዬ ቀረሁ። በቢላ ወረቀቱን በአራት ማዕዘን ቆረጥኩ፣ ካርቶኑን ፈልቅቄ ሹራቡን አወጣሁ። ብርዱ ፊቴን መታኝ። ሹራቡን በከረጢት ይዤ ዴንሃግ ድረስ ወስጄ ጣልኩት። የተቆረጠውን ዳር ግን በጥንቃቄ አጥፌ ለጠፍኩት፤ ያን ጊዜ እንኳ ሥራው እንዲያምር ፈልጌ ነበር። ባልየው ሲመለስ፣ «ለማንኛውም ይከፈት ብሏል» አልኩት። ለማንኛውም።

እሷ ከሆስፒታል ስትመጣ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ቀዳዳውን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ቀዳዳው እንዲዘጋ የለመነችው እሷ ስለሆነች አንድ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጇን አቅፋ ወደ ውስጥ ገባች። እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ጥፋቱ በባሏ ላይ ሲቀር የጠላችው አይመስለኝም። ይህም ይመዝገብልኝ፤ ምንም እንኳ የእኔን ባያቀልልኝ።

ወሬው በሮተርዳም፣ በዴንሃግና በአምስተርዳም ላለው የአገራችን ሰው ሁሉ ለመዳረስ አንድ እሑድ በቃው። ለሰው መደርደሪያ የሚሠራው፣ በር የሚያቃናው ሰው «ሚስቱን በጋዝ ሊፈጃት የነበረው» ሆነ። አምስተርዳም ያሉ ተማሪዎች፣ «ቤትህን እሱ ነክቶታል ወይ?» እየተባባሉ ይቀላለዱ ነበር። እሱ ለልጅቷ አልጋ ሊሠራ የገዛው እንጨት በረንዳው ላይ ዝናብ ጠጥቶ ጎበጠ። ካቻቢቴ አንስቶ አላየሁትም። ሚስቱም ሚስማር ለመምታት ሳይቀር ሰው ከውጭ ትጠራ ጀመር፤ ብዙ ጊዜ የምትጠራው እኔን ነበር። እኔም እሄድ ነበር። መጋረጃ ሰቀልኩ፣ የመኝታ ቤቱን ቀለም ቀባሁ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተለያዩ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ሌላም ሌላም ነገር ነበራቸው። ግን ሲጨቃጨቁ እሷ መጨረሻ ላይ የምታነሳው ያንን ነበር፤ እሱም ያኔ ይረታል። ያንን ቃል አፏ ውስጥ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ።

እሱ አምስተርዳም አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሄደ። እሑድ እሑድ ልጁን ሊያይ ይመጣል። ልጅቷ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ አንድ እሑድ እኔም ሻርሎይስ ነበርኩ። ምሳ በልተን እንደጨረስን የሳሎኑ አምፖል ተቃጠለ። እናትየው መሳቢያ ውስጥ ሌላ አለ አለች። እሱ ተነሥቶ አምፖሉን አወጣና ወንበር ላይ ቆመ። ልጅቷ ሮጣ መጥታ ሱሪውን ያዘችው።

«አባባ፣ አንተ አትነካም» አለች፤ ግማሹን በሆላንድኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። «አንተ ስትነካ እማዬ ትወድቃለች።»

እናትየው፣ «ተይ እንጂ» አለች፤ ግን ሳቅ አመለጣት።

እሱ ከወንበሩ ወረደ። አምፖሉን ለእኔ ዘረጋልኝ። «እንግዲያው አክስትሽ ታድርገው» አለ። ወንበሩ ላይ ወጥቼ አሰርኩት። በራ። ልጅቷ አጨበጨበችልኝ።

ሲወጣ አብሬው ወጣሁ። እኔም ልሄድ ነው አልኩ። እስከ ትራሙ ድረስ አብረን ሄድን። መጠለያው ውስጥ ቆመን ዝናቡን እያየን ሳለ ተናገርኩ።

«የኩሽናውን ቀዳዳ ወረቀት ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሹራብ ጠቅጥቄበት።»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ግድግዳ ላይ ያለ ብረት ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ አላይም መሰለሽ? እንጨት ነው ያስተማርኩት እንጂ ዕውር አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? አንቺ ለእሷ ብለሽ ነው ያደረግሽው። ደግሞ የመጣው ባለሙያ ነው፤ አይቶ የመንካቴ ጥፋት ነው አለ። አንቺው አይደለሽ የተረጎምሽልኝ? በባለሙያ ላይ ምን እጨምራለሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ተለወጠ፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ሆነ። «እስቲ አስታውሽ። ለማንኛውም ይከፈት ከማለቱ ሌላ፣ ስለ ቀዳዳው ያን ቀን የተናገረው ነገር ነበር?»

አራት ዓመት የተሸከመውን ከላዩ የማወርድበት ጥያቄ ነበር። ልጁ ሱሪውን ስትይዘው አይቻለሁ። ያለ ሥራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ የኖረውን አይቻለሁ። አፌን ከፈትኩ። ወረቀት መለጠፌን መናገር ቀሎኝ ነበር፤ ያ ስህተት ነው፤ ስህተት ማንም ይሠራል። የሰማሁትን መደበቄ ግን ስህተት አልነበረም፤ እሱም ያንን ካወቀ በኋላ የሚያየኝን አስተያየት አሰብኩ።

«አልተናገረም» አልኩት። «አለ ብዬ አላስታውስም።»

ራሱን ነቀነቀ። ትራሙ መጣ።

«እንግዲያው ራስሽን አታስጨንቂ፣ እህቴ» አለኝ። «የእኔው ነው።»

ትራሙ ላይ ወጣና በመስኮቱ በኩል እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ደጋግመን ተገናኝተናል፤ በክርስትና፣ በለቅሶ ቤት። ሁልጊዜ ደህና አድርጎ ይስመኛል። ያን ነገር አንድም ቀን መልሼ አላነሣሁለትም።

የጋዙ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። በሁለተኛው፣ ንገሪው ብሎኛል፤ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሲናገር ገብቶኝ ነበር።